ስለ ፀሐይ ብርሃንና ስለ ሕፃናት አጥንት ለጅማና ለቡና አገር ወላጆች የተጻፈ

እግዚአብሔር ለሰው ልጅ ከሰጠው ሀብት ሁሉ፣ ድኻና ባለጠጋ ሳይለይ፣ ግብርና ቀረጥ ሳይጠየቅበት ለሁሉ እኩል የሚደርሰው የፀሐይ ብርሃን ነው። አገራችንም ለውጭ አገር ጐብኝዎች ስትተዋወቅ ብዙ ዘመን የኖረችው የዐሥራ ሦስት ወር የፀሐይ ብርሃን ያላት አገር እየተባለች ነው። ዳሩ ግን በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቈጠራል እንደሚባለው ሁሉ፣ በዚህች የፀሐይ አገር ውስጥ የፀሐይ ብርሃን አጥቶ አጥንቱ የለሰለሰ፣ እግሩ የጐበጠ፣ ደረቱም የጠበበ ሕፃን መገኘቱ የማይካድ ነገር ነው። ዛሬ ስለዚህ ነገር ልንጽፍ የተነሣነው ሐኪም ለመምሰል ሳይሆን፣ ወላጆች በቤታቸው ሊያዩትና ሊያደርጉት የሚችሉት ነገር ስላለ ነው።

ነገሩን እንድናነሣ ያደረገን አንድ ጥያቄ አለ። በዚህ ዘመን በውጭ አገር ሰው ወደ ሐኪም ቤት ሳይሄድ፣ ጣቱን በመርፌ ወግቶ ከሚያወጣው የደም ጠብታ የቪታሚን ዲን ልክ የሚያውቅበት መሣሪያ ይሸጣል። ይህን የሰሙ ወላጆች፣ ከባሕር ማዶ የሚመጣ ዘመድ ያላቸውም ሁሉ፣ መሣሪያውን አስመጥተን ልጆቻችንን ብንመረምር መልካም አይደለምን ብለው ሊጠይቁ ይገባል። ጥያቄው የሚያስመሰግን እንጂ የሚያስነቅፍ አይደለም፤ መልሱን ግን ከሥሩ ጀምሮ መስጠት ያስፈልጋል።

ቪታሚን ዲ ማለት የሰው ገላ ከምግብ የሚያገኘውን የአጥንት ማጠንከሪያ፣ ይኸውም ካልሲየም የተባለውን፣ ከአንጀት ስቦ ወደ ደም እንዲያስገባ የሚረዳ ነገር ነው። ሌሎቹ ቪታሚኖች በአብዛኛው በአፍ ከሚገባ ምግብ ሲገኙ፣ ይህ ግን ዋና ምንጩ ቆዳችን ነው። ለዓይን የማይታየው የፀሐይ ጨረር በተገለጠ ቆዳ ላይ ሲያርፍ፣ በቆዳው ውስጥ ያለውን ቅባት መሰል ነገር ለውጦ የቪታሚኑን መነሻ ይሠራዋል፤ ከዚያም ጉበት ተቀብሎ በደም ውስጥ ያቈየዋል፤ ኵላሊት ደግሞ ለሥራ የሚበቃውን መልክ ይሰጠዋል። ሐኪሞች በደም ውስጥ የሚለኩት ጉበት ያዘጋጀውን ነው። ይህ ጨረር መስተዋትን አያልፍም፤ ልብስንም በብዙው አያልፍም፤ ስለዚህ በመስኮት መስተዋት ውስጥ የሚገባው ብርሃን ቤት ያሞቅ እንደ ሆነ እንጂ ለዚህ ሥራ አይበቃም።

ይህ ቪታሚን ያነሰው ሕፃን ሪኬትስ በሚባለው የአጥንት መለስለስ በሽታ ይያዛል። በሽታው ጥንት በአውሮፓ የታወቀ ነው። እንግሊዛዊው ሐኪም ግሊሰን በ1650 ዓ.ም. እንደ አውሮፓ አቈጣጠር መጽሐፍ ጽፎበታል፤ የፋብሪካ ጢስ ሰማያቸውን በሸፈነባቸው ከተሞች ውስጥም በድኻ ልጆች ላይ እጅግ በዝቶ ነበር። በ1919 ዓ.ም. ሑልድሺንስኪ የተባለ የበርሊን ሐኪም የታመሙትን ሕፃናት ፀሐይን በመሰለ የመብራት ጨረር እንደ ፈወሳቸው ገለጠ፤ በ1922 ዓ.ም. ደግሞ አሜሪካዊው ሊቅ ማኮለም በዓሣ ጉበት ዘይት ውስጥ ያለውን ፈዋሽ ነገር ለይቶ አወቀው፤ ስሙም ከዚያ ወዲያ ቪታሚን ዲ ተባለ። እነዚያ አገሮች ጢስና ክረምት የከለከላቸውን በዘይትና በመድኃኒት ተክተው በሽታውን ከሞላ ጐደል ከመካከላቸው አስወገዱት። እኛ ግን ጢስ ሳይሸፍነን፣ በረዶ ሳይዘጋብን፣ በገዛ እጃችን በር ዘግተን ብንታመም የሚያሳዝን ነው።

ይህ በግምት የተነገረ እንዳይመስል፣ በአገራችን የተደረጉ ሁለት ምርመራዎችን እንጠቅሳለን። የመጀመሪያው በአዲስ አበባ በኢትዮ-ስዊድን የሕፃናት ሆስፒታል በዶክተር ሉሉ ሙሄና በባልደረቦቻቸው የተደረገ፣ በ1997 ዓ.ም. እንደ አውሮፓ አቈጣጠር የታተመው ነው። ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች ከሆነ የሳንባ ምች ከያዛቸው 500 ሕፃናት ውስጥ ሪኬትስ የተገኘባቸው 210 ሲሆኑ፣ የሳንባ ምች ካልያዛቸው 500 ሕፃናት ውስጥ ግን የተገኘባቸው 20 ብቻ ነበሩ። የቤተሰብ ብዛት፣ የቤት ጥበትና ይህን የመሰለው ሁሉ ከተቈጠረ በኋላም ልዩነቱ ዐሥራ ሦስት እጥፍ ያህል ሆኖ ቀረ። የጐድን አጥንት የለሰለሰበት ሕፃን ደረቱን ነፍቶ ሊተነፍስ፣ አክታንም ሊያስወጣ አቅም ስለሚያጣ፣ ይህ ለሐኪሞች የሚያስደንቅ አልሆነም።

ሁለተኛው በ2015 ዓ.ም. እንደ አውሮፓ አቈጣጠር የታተመው የአዳማ ምርመራ ሲሆን፣ ከመርማሪዎቹ መካከል የጅማ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ይገኙበታል። ከ174 ተማሪዎች ውስጥ ከመቶ 42ቱ ቪታሚኑ ጐድሎባቸው ተገኘ። ከሁሉ ይልቅ ልብ ሊባል የሚገባው የከተማና የገጠር ልዩነት ነው፤ ይኸውም በገጠር ከሚኖሩት ከመቶ 21 ያህሉ ሲጐድልባቸው፣ በከተማ ከሚኖሩት ግን ከመቶ 62 ያህሉ ጐድሎባቸዋል። ከብት የሚጠብቀውና ውኃ የሚቀዳው የገጠር ልጅ በዚህ አንድ ነገር በግንብ ቤት ከሚያድገው የከተማ ልጅ በልጦ ተገኘ ማለት ነው። አዳማ ዝናሟ ጥቂት፣ ፀሐይዋ ብዙ የሆነች የስምጥ ሸለቆ ከተማ ናት። በዚያ እንዲህ ከሆነ፣ ዝናም ከበልግ ጀምሮ እስከ መስከረም መጨረሻ ድረስ በማይለያት፣ ደመናዋም በሚበዛ በጅማ አገር እንዴት ይሆን ብሎ መጠየቅ ይገባል።

እነሆ፣ ጅማንና በዙሪያዋ ያሉትን የቡና ከተሞች፣ አጋሮን፣ ሊሙ ገነትን፣ የቡን፣ ሰቃን፣ ሸቤን፣ ጭራን የሚያውቅ ሰው የሚከተለውን ነገር ያስተውላል። የቡና መልቀሚያው ወራት ሲደርስ፣ ከጥቅምት ጀምሮ፣ በየግቢው ቡና በአልጋና በሰሌን ላይ ይሰጣል። የቤቱ ሰው ሁሉ ደመና በመጣ ቊጥር ይሮጣል፤ ዝናም ሳይነካው ይሸፍነዋል፤ ፀሐይ ሲወጣ መልሶ ይገልጠዋል፤ እኩል እንዲደርቅም በየሰዓቱ ያገላብጠዋል። ጀንፈሉ በሚገባ መድረቁን በእጁ ነቅንቆ፣ ድምፁን ሰምቶ ያውቀዋል። ፀሐይ ያላገኘ ቡና እንደሚሻግት፣ ዋጋውም እንደሚወድቅ ለጅማ ገበሬ አስተማሪ አያስፈልገውም። ዳሩ ግን በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ግቢ፣ የዚያው ቤት ሕፃን ከጓዳ ውስጥ በጋቢና በነጠላ ተጠቅልሎ፣ ፊቱ እንኳ ተሸፍኖ ተኝቶ ይገኛል። ለቡናው የተሰጠው ፀሐይ ለልጁ ተነፍጓል።

ይህን የምታደርገው እናት ልጅዋን ጠልታ አይደለም፤ ይልቁንም ከመውደድዋ ብዛት ነው። አንዱ ምክንያት ምች ይመታዋል ተብሎ መፈራቱ ነው፤ ዳማከሴውም በየጓሮው የሚተከለው ስለዚህ ነው። ሁለተኛው የሰው ዓይን ይጐዳዋል ማለት ነው። ሦስተኛው ብርድ ነው። በክርስቲያኑ ቤት ደግሞ ክርስትና ሳይነሣ አይውጣ የሚል ልማድ ይጨመርበታል። ወንዱ በአርባ፣ ሴቲቱ በሰማንያ ቀን እንድትጠመቅ መታዘዙን እናውቃለን፤ ነገር ግን እስከዚያ ቀን ሕፃኑ ከብርሃን ይከልከል የሚል ሥርዓት ከመምህራን አልተማርንም። ከቤት በር ፊት፣ ከግቢ አጥር ውስጥ በእናቱ ጭን ላይ ሆኖ ፀሐይ የሚሞቅ ሕፃን ምንም ሥርዓት አላፈረሰም። በሙስሊም ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ቤትም እንደዚሁ ነው፤ እናት በአደባባይ የምትለብሰውን የጨዋነት ልብስ ማንም ተው አይላትም፤ በገዛ ግቢዋ ውስጥ፣ ከአጥር ተከልላ፣ ክንድዋንና እግርዋን ለፀሐይ ብትገልጥ ግን ለእርስዋም ለጽንስዋም ጥቅም ነው። ሕፃን ሲወለድ ይዞት የሚመጣው ስንቅ ከእናቱ የወሰደው ነውና፤ የእናት ጡት ደግሞ ከምግብ ሁሉ የሚበልጥ ሲሆን በዚህ በአንዱ ቪታሚን ግን ጥቂት ነው። ይህን ስንል ጡት ማጥባት ይቅር ማለታችን አይደለም፤ የጐደለውን ፀሐይ ይሙላው ማለታችን ነው።

አሳዛኙም ነገር ይህ ነው፤ ከፀሐይ ምች ለማዳን ብለን በጨለማ ያስቀመጥነው ሕፃን፣ አጥንቱ ለስልሶ ለሳንባ ምች የተጋለጠ መሆኑ ነው። የቀትር ፀሐይ ለጨቅላ እንደማይስማማ እውነት ነው፤ የእናቶች ፍርሃትም ፈጽሞ ያለ ምክንያት አይደለም። ነገር ግን ከቀትር ፀሐይ መሸሽ ሌላ ነው፤ ከፀሐይ ሁሉ መሸሽ ሌላ ነው።

አሁን ወደ ቤት መመርመሪያው እንመለስ። መሣሪያው ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው የደም ጠብታ በወረቀት ላይ አድርቆ በፖስታ ወደ ላቦራቶሪ የሚላክበት ነው፤ ሁለተኛው በዚያው በቤት ውስጥ በቀለም መስመር ብዙ ወይም ጥቂት ብሎ የሚመልስ ነው። የመጀመሪያው በሚገባ ከተወሰደና ከታመነ ላቦራቶሪ ከደረሰ ጥሩ መልስ ሊሰጥ ይችላል፤ ነገር ግን ላቦራቶሪው በባሕር ማዶ ሲሆን ከአጋሮ ወይም ከሊሙ ማን ያደርሰዋል? ሁለተኛው በግምት የሚናገር ነው፤ ሙቀትና እርጥበትም ያበላሸዋል፤ የጅማ ክረምት እርጥበቱ ምን ያህል እንደ ሆነ ቡና ያከማቸ ሁሉ ያውቀዋል። ጣት በብርቱ ሲጨመቅም ደሙ በውኃ ይቀጥናልና መልሱ ይሳሳታል።

ቊጥሩም ራሱ ሰውን ያሳስታል። መለኪያው ሁለት ነውና፤ አንዱ ላቦራቶሪ በናኖግራም፣ ሌላው በናኖሞል ይጽፋል። በአንዱ 20 የተባለው በሌላው 50 ነው። የአሜሪካ የሕክምና ሊቃውንት በ2010 ዓ.ም. እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ባወጡት መሠረት፣ 20 ናኖግራም በሚሊ ሊትር ያለው ሰው ለአጥንቱ ይበቃዋል፤ ከ12 በታች የሆነው ግን ለጕዳት የቀረበ ነው። እንግዲህ 30 የሚል ወረቀት የደረሰው ሰው፣ መለኪያው ናኖግራም ከሆነ ደስ ሊለው፣ ናኖሞል ከሆነ ግን ሊያስብበት ይገባል። ይህን ሳይለይ መድኃኒት የሚገዛ ሰው ብዙ ነው።

ደግሞ በ2024 ዓ.ም. የአሜሪካ የሆርሞን ሐኪሞች ማኅበር፣ ጤናማ ሰው ያለ ምክንያት ይህን ምርመራ እንዳያደርግ መክሯል። ምርመራ የሚጠቅመው ከመልሱ በኋላ የሚደረግ ነገር ሲኖር ነውና። የቡና ናሙና የሚቀመሰው ደረጃው እንዲወሰን ነው፤ ደረጃ የማይሰጠው ቅምሻ ግን ቡና ማባከን ብቻ ነው። ለጤናማ ሕፃን ምክሩ ደሙ ቢለካም ባይለካም አንድ ነው፤ ይኸውም ፀሐይ እንዲያገኝ፣ ሐኪምም ሲያዝ ጠብታው እንዲሰጠው ነው። በደም ምርመራ በእውነት የሚያስፈልጋቸው እግሩ የጐበጠ ወይም የሚንቀጠቀጥ ሕፃን፣ የሚጥል በሽታ መድኃኒት ወይም የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት ብዙ ጊዜ የሚወስድ፣ ኵላሊቱ ወይም ጉበቱ የታመመ፣ በትንሽ ውድቀት አጥንቱ የተሰበረ ሽማግሌ፣ እነዚህን የመሳሰሉት ናቸው። እነርሱም ሐኪም አይቷቸው፣ ካልሲየማቸውም አብሮ ተለክቶ እንጂ በጣት ጠብታ ብቻ የሚፈረድላቸው አይደሉም።

ታዲያ በቤት የሚደረግ ምርመራ የለምን? አለ፤ ዋጋም የለውም። የመጀመሪያው የልጁን ገላ ማየት ነው። እናት ልጅዋን ስታጥብ የእጁን አንጓ ትዳስስ፤ ሰፍቶና አብጦ እንደ ሆነ ታስተውል። የደረቱን ጐንና ጐን ትዳስስ፤ አጥንቶቹ ከሚገናኙበት ላይ እንደ መቍጠሪያ ፍሬ ተደርድሮ የሚነካ ጕብጕብ እንዳለ ትይ። ግንባሩ ከልክ አልፎ መውጣቱን፣ እርግብግቢቱ ዓመት ተኩል አልፎት አለመግጠሙን፣ ጥርሱ መዘግየቱን፣ ዓመት ተኩል ሆኖት አለመሄዱን ታስተውል። ሁለት ዓመት ያልሞላው ልጅ እግሩ ጥቂት ቢጐብጥ ብዙ ጊዜ የተፈጥሮ ነውና አያስደነግጥ፤ ከዚያ በኋላ እየባሰ የሚሄድ ጕብጠት ግን ዝም የሚባል አይደለም። ከእነዚህ ምልክቶች አንዱን ያየች እናት ወደ ጤና ጣቢያ ትሂድ፤ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላልና። በጊዜ የተገኘ ሪኬትስ ይድናል፤ የቈየው ግን አጥንቱን አጣሞ ያስቀራል። በሴት ልጅ ላይ ሲሆን ደግሞ የዳሌዋ አጥንት ጠብቦ፣ ከዓመታት በኋላ ምጥዋን የሞት ምጥ ሊያደርገው ይችላል። የዛሬው ሕፃን ጕዳት የነገዪቱን እናት ይገድላል ማለት ነው።

ሁለተኛው ምርመራ የጥላ ምርመራ ነው። አባቶቻችን ሰዓት በሌለበት ዘመን የጸሎትን ጊዜ የሚለዩት ጥላቸውን በጫማ እየሰፈሩ ነበር። ይኸው ጥበብ ዛሬም ያገለግላል። የሰው ጥላ ከቁመቱ ሲረዝም ፀሐዩ ዝቅ ብሎ ስለሚመጣ ቪታሚን የሚሠራው ጨረር ጥቂት ነው፤ ጥላ ከቁመት ሲያጥር ጨረሩ ይበረታል። በጅማ ሰማይ ጥላና ቁመት የሚተካከሉት ከጧቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። እንግዲህ በማለዳ ብቻ ፀሐይ ማሞቅ መልካም ልማድ ቢሆንም ትርፉ አነስተኛ ነው፤ በቀትር ማሞቅ ደግሞ ቆዳን ያቃጥላል። ከሦስት ሰዓት እስከ አራት ሰዓት ባለው ጊዜ፣ ዓይኑ ከፀሐይ ዞሮ፣ ራሱ በጥላ ሆኖ፣ እግሩና እጁ ተገልጦ፣ ከጥቂት ደቂቃ ጀምሮ ቀስ በቀስ እስከ ሩብ ሰዓትና እስከ ግማሽ ሰዓት ድረስ ቢሞቅ የሚበቃ ነው። ጥቁር ቆዳ ከፀሐይ የሚጠብቀን ሀብታችን ስለ ሆነ ከነጩ ይልቅ ረዘም ያለ ጊዜ ይፈልጋል። በክረምትም ደመና በተገለጠ ጊዜ፣ ቡናውን ለመግለጥ እንደምንሮጥ ሁሉ ሕፃኑንም ይዘን እንውጣ።

ስለ ምግብ ደግሞ አንድ ቃል እንጨምር። በናይጄርያ የተደረገ ምርመራ ፀሐይ የሚያገኙ ሕፃናት እንኳ በካልሲየም ማነስ ብቻ ሪኬትስ ሊይዛቸው እንደሚችል አሳይቷል። ስለዚህ የበቆሎ ገንፎ ብቻውን ልጅ አያሳድግም፤ ጤፍ፣ ጐመን፣ በተቻለም መጠን ወተት ይጨመርበት። የቡናው ገንዘብ በገባ ጊዜ ከሁሉ በፊት የልጆች ወተት ይታሰብ።

ቪታሚኑን በእንክብል፣ በጠብታና በመርፌ ለሚገዙትም ማስጠንቀቂያ አለን። ሕፃናትን ከሪኬትስ ለመጠበቅ ሐኪሞች የሚያዙት በቀን 400 ዩኒት ነው። ገላ ከፀሐይ የሚያገኘውን ራሱ ይወስነዋል፤ በአፍና በመርፌ የገባው ግን ልክ ሲያልፍ በደም ውስጥ ካልሲየምን አብዝቶ ጥማት፣ ትውከት፣ ድርቀትና የኵላሊት ጠጠር ያመጣል። ቪታሚኑ ሁሉን ያድናል የሚል ነጋዴም አይታመን፤ በአሜሪካ ከ25 ሺህ በሚበልጡ ሰዎች ላይ ተደርጎ በ2018 ዓ.ም. የታተመው ምርመራ ካንሰርንና የልብ በሽታን እንደማይከላከል አሳይቷል። በ2012 ዓ.ም. የታተመው የካቡል ምርመራም በየሦስት ወሩ ብዙ መጠን የተሰጣቸው ሕፃናት ከሳንባ ምች እንዳልዳኑ ገልጧል። ስለዚህ እኛ የምንሰብከው ተአምር አይደለም፤ አጥንቱ የጠነከረ፣ ደረቱ የሰፋ ልጅ እንዲያድግ ነው።

በመጨረሻም ለሚመለከታቸው ሁሉ ቃላችንን እናቀርባለን። በየቤቱ የሚዞሩት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች አራስ ሲጠይቁ የሕፃኑን አንጓና ደረት እንዲዳስሱ፣ የፀሐዩንም ሰዓት ለእናትየዋ በጥላዋ እንዲያሳዩአት ያስፈልጋል። የጤና ጽሕፈት ቤቶች ለሕፃናት የሚሆነው ጠብታ በየጤና ጣቢያው እንዳይታጣ ቢያስቡበት መልካም ነው። ኅብረተሰቡን ማዕከል አድርጎ የሚያስተምረው የጅማ ዩኒቨርሲቲም በአዳማ የተደረገውን የመሰለ ምርመራ በቡና ወረዳዎች ሕፃናት ላይ ቢያደርግ፣ የአገሩን ልጆች ልክ በርግጥ ለማወቅ ይረዳል፤ ከሺህ የቤት መመርመሪያም ይልቅ ይጠቅማል። ካህናትና ሼኮች፣ የአገር ሽማግሌዎችና አያቶች ደግሞ ከማንም በላይ ይሰማሉና፣ ፀሐይ ለሕፃን ጠላት አለመሆኑን ይንገሩልን።

ሳይቃጠል በቅጠል ይባላል። የጅማና የቡና ከተሞች ሕዝብ ፀሐይን ለገንዘቡ መጠቀምን ከማንም በላይ ያውቃል። ይህንኑ ዕውቀት ለልጆቹ ቢያደርገው፣ ከባሕር ማዶ መሣሪያ ሳይጠብቅ፣ ከነገ ጧት ጀምሮ በገዛ ደጃፉ ሊፈጽመው የሚችል ነውና፣ እያንዳንዱ ወላጅ ቡናውን ሲያሰጣ ሕፃኑን እንዲያስታውስ አጥብቀን እናሳስባለን።